ምጣድ የማያቃጥለው ጣት፦ ሁለት ዓመት ቋቁቻ የተባለ ሥጋ ደዌ

የምሠራው ጎንደር ከተማ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ የቲቢና የሥጋ ደዌ ክፍል ነው። ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ክፍል ይታዩ እንጂ ቀኑ የሚያልፈው በሳል ነው። ሥጋ ደዌ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ሰው ቢመጣ ነው። ይህን ጉዳይ በዝርዝር የምጽፈው ብዙ ሰው አይቶት ያለፈው ስለሆነ ነው፤ መሀል ላይ ደግሞ የእኔም ጥፋት አለበት። ባለታሪኳ እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፤ ማንነቷን የሚያሳውቅ ነገር ግን አላስገባሁም።

የመጣችው ለቆዳዋ ቀለም አልነበረም፤ ለቃጠሎ ነው። ቁስል የምታጥበው ባልደረባዬ ፈቃድ ላይ ስለነበረች ተራው ለእኔ ደረሰ። ጊዜው ከፋሲካ በኋላ ነው። 27 ዓመቷ፣ አዘዞ የምትኖር፣ እንጀራ ጋግራ ለሱቆችና ለሁለት ምግብ ቤቶች የምታስረክብ ሴት ናት። የግራ እጇ ትንሿ ጣት በጎን በኩል ተልጣ፣ ውኃ የቋጠረው ፈንድቶ፣ ሥሩ ቀልቶ ይታያል።

«ምን ሆንሽ እናቴ?»

«ምጣድ ነካኝ ሲስተር።»

«መቼ?»

«እኔ እንጃ። ያየሁት ማታ ሊጥ ሳቦካ ነው።»

እዚህ ላይ ብዕሬን አቆምሁ። የተቃጠለ ሰው ሰዓቱን ያውቃል። ማን አጠገቡ እንደነበር፣ ምን ብሎ እንደጮኸ ጭምር ይነግርሃል። ይቺ ሴት ግን ቃጠሎዋን ያገኘችው በዓይኗ ነው። በጨው ውኃ የራሰ ጋዝ ይዤ የተላጠውን ስጠርግ ስለ ጤፍ ዋጋ እያወራችኝ ነበር። እጇን አልሳበችም፤ ፊቷም ቅጭም አላለም። «አያምሽም?» አልኋት። «አሥር ዓመት ስጋግር እሳቱ ለምዶኛል» አለችኝ፣ እንደ ሙያ ቆጥራው።

እጅጌዋን ወደ ላይ ስሰበስበው ከክርኗ በላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል፣ ከቀረው ገላዋ ደብዘዝ ያለ ቦታ አየሁ። ዳር ዳሩ በጥቂቱ ከፍ ብሎ ቀላ ይላል፤ መሀሉ ደርቋል፤ ጸጉር የለበትም።

«ይሄስ?»

«ቋቁቻ ነው፤ ሁለት ዓመቱ።»

«ያሳክክሻል?»

«ኧረ በጭራሽ!»

ጥጥ ወስጄ በጣቶቼ አሹሬ ጫፉን እንደ ክር አቀጠንሁት። መጀመሪያ ዓይኗን እንደገለጠች ደህናውን ቆዳ ነካ አደረግሁና «በነካሁሽ ቦታ ላይ ጣትሽን አሳርፊ» አልኋት። ሲገባት ዓይኗን አስጨፈንኋት። ግንባሯን ነካሁ፤ አገኘችው። ቀኝ ክንዷን ነካሁ፤ አገኘችው። ደብዛዛው ቦታ መሀል ነካሁ። ዝም አለች። ደገምሁ። አሁንም ዝም። ሦስተኛ ስነካት፣ ዓይኗን እንደጨፈነች፣ «ይጀምሩ እንጂ ሲስተር» አለችኝ።

ክርኗን አጠፍ አድርጌ ከአጥንቱ ጀርባ ካለው ጎድጓዳ ቦታ ጣቴን አስገባሁ። እዚያ የሚያልፈውን ነርቭ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ክርናችን ከበር ሲጋጭ እስከ ትንሿ ጣት የሚነዝረን እሱ ነው። የቀኟ ቀጭንና ለስላሳ ነው። የግራው ወፍሮ እንደ ጫማ ማሰሪያ ከጣቴ ሥር ይንከባለላል። ትንሿን ጣቷን ወደ ጎን እንድትገፋብኝ ጠየቅኋት፤ በአንድ ጣቴ ብመልሳት ወዲያው ተሸነፈች። ከመቼ ጀምሮ እንደደከማት ስጠይቃት አሰብ አድርጋ «ከገና ወዲህ ሰፌዱ ያዳልጠኛል» አለች። ይህን ስሰማ ትንሽ ቀለለኝ። ነርቭ ከደከመ 6 ወር ካልሞላው በሕክምና የመመለስ ተስፋው ብዙ ነው፤ እሷ ገና 4 ወሯ ነበር።

ሁለቱ ዓመታት

ለሁለት ዓመት ዝም ብላ አልተቀመጠችም። መጀመሪያ መድኃኒት ቤት ሄዳ ክንዷን አሳየች፤ ክሎትሪማዞል የተባለ የፈንገስ ቅባት ተሰጣት። ባይለቃት ሌላ መድኃኒት ቤት ኬቶኮናዞል ሰጣት። ቀጥላ ጤና ተቋም ሄደች፤ እዚያም «ፈንገስ ነው» ተብላ የሚዋጥ ታዘዘላት። እናቷ ከደምቢያ መጥተው ድኝ በቅቤ ለውሰው ቀቡላት። ጠበልም ገባች፤ ሁለት ሱባኤ ያዘች። በመጨረሻ አንዲት ደንበኛዋ ፊት ያጠራል የተባለ ክሬም አመጣችላት፤ ደህናው ቆዳዋ ሳስቶ ደም ሥሩ እስኪታይ ቀባችው።

ለምን ቋቁቻ አላችሁ ብዬ ማንንም አልወቅስም። ቋቁቻ በአገራችን የትም የሚታይ ነገር ነው፤ ደብዘዝ ያለ ቦታ ያየ ሰው መጀመሪያ እሱን ቢገምት ተገቢ ነው። የሚቆረቁረኝ አራተኛው ቅባት ሲታዘዝ ግምቱ አለመለወጡ ነው። ቋቁቻ በቅባት ይቀንሳል፤ ይህ ቅንጣት አልቀነሰም። ደግሞም ሁሉም ያዩት እሷ ያሳየቻቸውን ክንድ ብቻ ነው። ነጠላዋን አውርደሽ ጀርባሽን አሳዪኝ ያላት አልነበረም። እኛ በሩን ዘግተን ገላዋን ስናይ ሰባት ቦታ ቆጠርን፦ ሁለት ክንዷ ላይ፣ ሦስት ጀርባዋ ላይ፣ አንድ ዳሌዋ ላይ፣ አንድ ጭኗ ላይ። የጀርባዎቹን እሷም አታውቃቸውም ነበር።

ሌላ ምን ሊሆን ይችል ነበር

ጎንደር ላይ ቀለሙን የለቀቀ ቆዳ ሲመጣ የሚታሰበው ብዙ ነው። ለምጽ ቢሆን ቦታው እንደ ወተት ይነጣ ነበር፤ ዳሩ ጥርት ብሎ ይለያል፣ ስሜቱ ግን ሙሉ ነው፤ በጥጥ ስትነካው ያውቃል። ሥጋ ደዌ ቆዳን ያደበዝዛል እንጂ አያነጣውም። በቤተ ክርስቲያን ንባብ ለምጽ ሲባል የሰማ ሰው ሁለቱን አንድ ስለሚያደርጋቸው፣ ምንም ተላላፊ ነገር የሌለበት ባለ ለምጽ እየተገለለ ይኖራል፤ ደብዛዛ ቦታ ያለው ደግሞ «ለምጽማ ነጭ ነው» ብሎ ይዘናጋል። ቋቁቻ ስትፍቀው ዱቄት የመሰለ ቅርፊት ይለቃል፤ የእሷ አይለቅም።

ቁንጭርንም አሰብን። ቁንጭር በደጋው አገራችን ሽኮኮ ካለበት ገደል አካባቢ በአሸዋ ዝንብ የሚመጣ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ፊት ላይ አብጦ ይቆስላል። ከቁንጭር አንድ ዓይነት ግን አለ፤ ሳይቆስል በመላ ገላ ላይ እንደ እብጠት ይሰራጫል፣ ከከባድ ሥጋ ደዌ ጋርም በዓይን ለመለየት ያስቸግራል። እሷ እብጠት የላትም። ካላ አዛርም (በአሸዋ ዝንብ የሚመጣው፣ ትኩሳትና የጣፊያ እብጠት ያለው በሽታ) መጠየቅ ነበረበት፤ ባሏ በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ይወርዳል፣ እሷም አንድ ክረምት ምግብ ልታበስል አብራው ወርዳለች። ካላ አዛር ታክሞ ከዳነ በኋላ በወራት ውስጥ ፊት ላይ ጀምሮ ደብዛዛ ነጠብጣብ የሚያወጣ ጊዜ አለ። እሷ ግን ትኩሳት አልነበራትም፣ ጣፊያዋ አላበጠም፣ ፊቷም ንጹሕ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ደግሞ ነርቭ የሚያወፍርና ስሜት የሚያጠፋ አንድም የለም። ሁሉንም የለየችልን ያቺ ጥጥ ናት።

ወደ ቆዳ ሐኪም ላክኋት። ከጆሮዋ ጫፍና ከቆዳዋ ተጭሮ የተወሰደው ናሙና ባክቴሪያ አላሳየም። ይህ በሽታውን አያስቀርም፤ እንደ እሷ ባለው ዓይነት ባክቴሪያው ጥቂት ስለሆነ በአጉሊ መነጽር ላይገኝ ይችላል። ስሜት ያጣ ደብዛዛ ቦታና የወፈረ ነርቭ ለምርመራው በቂ ናቸው። ከአምስት ቦታ በላይ ስለሆነ የ12 ወር ሕክምና ተወሰነላት።

ጣቷ ለምን እንደተነካች ሐኪሙ ያስረዳት መንገድ ስለጣመኝ እኔም ለሌሎች እነግረዋለሁ። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይወዳል፤ ስለዚህ የጆሮ ጫፍን፣ አፍንጫን፣ ለቆዳ ቅርብ ሆነው የሚያልፉ ነርቮችን ይመርጣል። የክርኑ ነርቭ ከቆዳ ሥር ባዶውን ነው የሚያልፈው። አንዴ ለመባዛት ደግሞ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ገብቶ ምልክት እስኪያሳይ በአማካይ 5 ዓመት፣ አንዳንዴም 20 ዓመት ይቆያል። ይህን ስትሰማ አንገቷን ደፋች። ደምቢያ ልጅ ሆና ባደገችበት ግቢ፣ ጣቶቻቸው የተቆለመሙ አንድ አጎቷ በጓሮ ጎጆ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ምግባቸውን የምታደርሰው እሷ ነበረች። ከዚያ ግቢ የወጣችው በ17 ዓመቷ ነው። ከእሳቸው ለመያዟ ማስረጃ የለኝም፤ የማይመስል ነገር ግን አይደለም።

ስሙን መንገር

ስሙን የነገርኋት እኔ ነኝ። «ሥጋ ደዌ» ስላት መጀመሪያ አልገባትም፤ ቀስ ብላ «ቁምጥና?» አለች። ያን ቃል እኛ አንጠቀምበትም፤ እሷ የምታውቀው ግን እሱን ነው። አዎ አልኋት። የመጀመሪያ ጥያቄዋ ስለ ራሷ አልነበረም።

«እንጀራዬን የበላው ሰውስ?»

በምግብ እንደማይተላለፍ፣ የሚተላለፈው ካልታከመ ታማሚ አፍንጫና አፍ በሚወጣ እርጥበት፣ ያውም ለረጅም ጊዜ በቅርብ አብሮ ለሚኖር ሰው መሆኑን፣ አብዛኛው ሰው ቢያገኘውም ሰውነቱ እንደሚቋቋመው ነገርኋት። መድኃኒት ከጀመረች በኋላ ደግሞ ለማንም እንደማታሰጋ አስረዳኋት። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ወሬው ቢወጣ ምጣዷ ያን ቀን እንደሚቀዘቅዝ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ለባሏ ግን ነገርነው፤ እሱና የ5 ዓመት ልጃቸው ተመርምረው ነጻ ሆኑ።

መድኃኒቱ በየወሩ በማሸጊያው ይመጣል፤ ሦስት ዓይነት ነው፦ ሪፋምፒሲን፣ ክሎፋዚሚንና ዳፕሶን። የወሩን የመጀመሪያ መጠን እኔ ፊት ትውጣለች፤ የቀረውን በየቀኑ ቤቷ ትወስዳለች። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ቅንጅት ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው፤ ከ1995 ጀምሮ በነጻ ይታደላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1999 የታማሚው ቁጥር ከ10,000 ሰው ከአንድ በታች መውረዱን አረጋገጠች። ታላቅ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ግን በሽታው ሲያንስ የባለሙያው እጅም እየረሳው መጣ፤ አሁንም በአገራችን በየዓመቱ ብዙ አዲስ ታማሚ ይገኛል። ከእኔ በኋላ ከተመረቁት ባልደረቦቼ ውስጥ የወፈረ ነርቭ በጣታቸው ነክተው የሚያውቁ ጥቂት ናቸው።

ቀለሙ

ከሦስተኛው ወር መጠን በኋላ፣ ሐምሌ ላይ፣ ቦታዎቹ ሁሉ ቀልተው አበጡ፤ ክርኗ እንቅልፍ ነሣት። «መድኃኒቱ መርዝ ሆነብኝ» ብላ መጣች። ይህን ሪአክሽን እንለዋለን፤ ሰውነት በባክቴሪያው ላይ ሲነሣ ነርቩን አብሮ የሚጎዳበት ጊዜ ነው። ሐኪሙ ይህን ቁጣ የሚያበርደውን ፕሬድኒሶሎን በቀን 40 ሚሊ ግራም ጀምሮ እየቀነሰ ለ5 ወር ያህል እንድትወስድ አዘዘ። ወዲያው ፍልሰታ ገባ። ፕሬድኒሶሎን በባዶ ሆድ አይወሰድም፤ እሷ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች። የንስሐ አባቷን እንድታማክር አደረግሁ፤ «መድኃኒትሽን በልተሽ ውሰጂ» አሏት። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሕመሙ ለቀቃት፣ ጣቷም በረታች።

ጥፋቴ እዚህ ላይ ይመጣል። በመጀመሪያው ቀን ሽንቷ እንደሚቀላ ነግሬያት ነበር፤ ያም ከሪፋምፒሲን ነው። ክሎፋዚሚን ቆዳን እንደሚያጠቁር ግን የነገርኋት በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ እያለቀሰች ሳለች ነው። ነገርሁ ብዬ ምልክት አደረግሁበት፤ እሷ አልሰማችውም። ክሎፋዚሚን ራሱ ቀይ ቀለም ያለው ነገር ነው፤ ቆዳና ስብ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ቆዳውን ያደርቃል፤ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ በሽታው ባለበት ቦታ ይጠቁራል። እነዚያ ሁለት ዓመት ደብዝዘው የኖሩት ቦታዎች አሁን ከገላዋ ሁሉ ጠቁረው ወጡ፤ ፊቷም እንደ ከሰል ጭስ ያለ ቀለም ያዘ።

መስከረም ላይ ቀረች። ስልኳ ዝግ ነበር። ሁለተኛም ሦስተኛም ሳምንት ደወልሁ። ከመድኃኒቱ መቋረጥ ይልቅ ያስፈራኝ የፕሬድኒሶሎኑ ነበር፤ እሱ በድንገት አይቆምም፤ ሰውነት ራሱ የሚያመነጨውን ተመሳሳይ ሆርሞን ስላሳነሰ ሊዝል፣ ነርቩም እንደገና ሊቆጣ ይችላል። ቤቷ እንዳልሄድ፣ የጤና ጣቢያ ጋውን ለብሶ በሯን ያንኳኳ ሰው ለጎረቤት ወሬ መክፈቻ ነው። ጠበቅሁ።

ኅዳር መግቢያ ላይ ራሷ መጣች። ትንሿ ጣቷና ቀጥላ ያለችው ወደ ውስጥ ታጥፈዋል። «ጣቴ ከእንጀራው ጋር አልዘረጋ አለኝ» አለች። ከዚያ ታሪኩን አወጣችው። ቡና ላይ «ማድያት ነው? ወይስ ሌላ ነገር?» ይሏታል። የአንዱ ምግብ ቤት ባለቤት «ምን ነክቶሽ ነው?» ብሎ ዓይን ዓይኗን አይቷታል። ለመስቀል መልኳ እንዲመለስ ብላ ሁለቱንም መድኃኒት በአንድ ቀን አቆመች፤ የፊት ማጥሪያውንም ክሬም እንደገና ገዛች።

«ሲስተር፣ በሽታው እንዳይታይብኝ ነበር መድኃኒቱን የጀመርሁት» አለችኝ። «ጭራሽ እሱ አሳየብኝ።»

መልስ አልነበረኝም። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ እውነቴን ነበር። ከዚያ በሩን ዘግቼ ቁጭ ብለን፣ በመጀመሪያው ቀን መደረግ የነበረበትን ንግግር በሰባተኛው ወር ተነጋገርን። ጥቁረቱ ከምን እንደሚመጣ፣ ፊት ላይ ፀሐይ እንደሚያብሰው፣ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ በወራት እየለቀቀ እንደሚሄድ ነገርኋት። የ12 ወሩ መጠን በ18 ወር ውስጥ ካለቀ ሕክምናው እንደማይበላሽም ነገርኋት። ሐኪሙ ክሎፋዚሚኑን በሌላ መድኃኒት መለወጥም እንደሚቻል ገልጾላት ምርጫውን ለእሷ ተወ። አንድ ሌሊት አስባ ልቀጥል አለች። ለጎረቤት የምትለውን ያገኘችው ራሷ ናት፦ «የነርቭ መድኃኒት እወስዳለሁ፣ እሱ ነው ያጠቆረኝ።» ቃል በቃል እውነት ነው። ከእኛ ማንም እንዲህ ቀላል አድርጎ አስቦት አያውቅም።

ፕሬድኒሶሎኑ እንደገና ከ40 ተጀመረ። ለድርቀቱ እጇንና እግሯን ውኃ ነክራ ቫዝሊን መቀባት ለመደች። ክሬሙን ጣለች። ከአሮጌ ጂንስ የግራ እጇን ጎን የሚሸፍን ጨርቅ ሰፋች፤ ስትጋግር ታጠልቀዋለች። ማታ ማታ ልጇ መብራት ይዞላት እጇን ታገላብጣለች፤ ያላወቀችው ቁስል እንዳለ ትፈልጋለች።

ከዚያ ወዲህ

የመጨረሻውን መጠን እኔ ፊት የዋጠችው በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ላይ ነው። ሁለቱ ጣቶቿ ተዘርግተዋል፤ የትንሿ ጉልበት ግን ሙሉ አልተመለሰም፤ የጎኗ ስሜትም እንደጠፋ ነው። የመስከረምና የጥቅምቱ መቋረጥ ባይኖር ምን ያህል ይመለስ እንደነበር መናገር አይቻልም፤ እኔ ግን አስበዋለሁ። አሁን ለእያንዳንዱ አዲስ ታማሚ ስለ ቀለም የማወራው በሁለተኛው ቀጠሮ ነው፣ እንባው ከደረቀ በኋላ፤ የራሱን ክንድ አስይዤ «እዚህ ጋ ይጠቁራል» እያልሁ አሳየዋለሁ።

ከጥምቀት በኋላ ተመልሳ መጣች። ፊቷ ፈካ ብሏል፤ የክንዷ ቦታ ብቻ ገና ዳመና እንደጣለበት ነው። ለራሷ አልነበረም የመጣችው፤ የጎረቤቷን የ6 ዓመት ልጅ እጁን ይዛ ነው። ሁለቱ ጉንጮቹ ላይ ደብዘዝ ያለ፣ ስስ ቅርፊት የያዘ ነጠብጣብ አለ። እናቱ «ቋቁቻ ነው» ብላ ቅባት ልትገዛ ስትል አስቁማት ነው።

«እናቴ ከምትፈትለው ባዘቶ ቆንጥሬ ዓይኑን አስጨፍኜ ነካሁት» አለችኝ። «ሦስቴ ነካሁት፣ ሦስቴ አገኘው። ግን እርስዎም ይዩልኝ ብዬ ነው።»

ጥጥ አቀጠንሁ። ልጁ ዓይኑን ጨፈነ፤ እየሳቀ አራቱንም ጊዜ ጣቱን በቦታው አሳረፈ። ፒቲሪያሲስ አልባ የምንለው ነው፤ በልጆች ፊት ላይ የሚወጣ፣ ከቆዳ ድርቀት ጋር የሚያያዝ፣ በጊዜው የሚጠፋ። ቫዝሊን ሰጥቼ ላክኋቸው።